የሽማግሌው ጋቢና የቆላ ዝንብ

ፖሊሶች ከቡታጅራ ይዘውኝ ወልቂጤ እስር ቤት ሲያደርሱኝ ገና አልመሸም ነበር። ሰው አነሳስተሃል ነው ያሉኝ። ባለቤቴ የሰጠችኝን አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ተሸክሜ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ላብ ላብ ይሸታል። ልማዱ አዲስ ገቢ ከሽንት ባልዲው አጠገብ እንዲተኛ ነው፤ እኔን ግን መምህር ነው ብለው ከመሃል አስተኙኝ። አጠገቤ ከግቤ ቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር። የቆላ ዝንብ በምታመጣው ገንዲ በሚባል የከብት በሽታ ሁለት በሬዎች እንዳለቁባቸው አጫወቱኝ።

ጠዋት ክንዴን ሳየው ሦስት ቦታ በተርታ አብጧል። ያችው ዝንብ ሰውንም የእንቅልፍ በሽታ እንደምታስይዝ አስተምራለሁ፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ። ዝንብ የሚባል በዓይኔ ሳላይ «በእሳቸው ጋቢ ገብታ መጥታለች» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ።

መምህሩ ካለማ ማን ይከራከራል? ካቦ የምንለው የእስረኞቹ አለቃ ጋቢው ወደ ውጭ እንዲጣል፣ እሳቸውም ባልዲው ጋ እንዲተኙ ፈረደ። ክረምት ነው፤ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይገባል። ሌላ የሚለብሱት አልነበራቸውም።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ክንዴን ያዝ አድርገው አዩት።

«መምህር፣ ስትነክስህ አመመህ?»

«ኧረ አልሰማሁም፤ ተኝቼ ነበር።»

«እንግዲያው እሷ አይደለችም። የቆላ ዝንብ በቀን ነው የምትነክስ፤ እንደ መርፌ ነው የምትወጋ፣ በሬ እንኳ ይዘላል። ጋቢ ውስጥ ምን ትሠራለች? ይሄ የተኛ ሰው የሚጠብቅ ነው። እስቲ ፍራሽህን ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። ስፌቱ ውስጥ ትኋን ተደርድሯል። የቤቴ ትኋን፣ ራሴ ተሸክሜ ያመጣሁት።

አፈርኩ፤ እፎይም አልኩ። «ተመስገን በል» አሉኝ፤ «ትኋን ያሳክካል እንጂ እንደ እሷ በሽታ አያስይዝም።» ካቦው ሳቀና ጋቢያቸውን አስመለሰላቸው፤ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ማንም ሳያዘኝ ፍራሼን ወደ በሩ አውጥቼ፣ ከባልዲው አጠገብ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቦታ ያዝኩ። ሲመሻሽ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና የጋቢያቸውን ግማሽ ጣል አደረጉብኝ።

«ለሁለት ይበቃል» አሉ።

ከተፈታሁ ወዲህ፣ ያለ ማስረጃ አሰሩኝ እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። እውነትም ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ጠዋት፣ ያለ ማስረጃ፣ አንድ ሽማግሌ ላይ እንዳስፈረድኩ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ይኸው ተናገርኩ፤ ቀለል አለኝ።