ሁለት ወንዝ፣ አንድ ማሳ

ማለዳ ከስማዳ፣ ከወገዳ ተነሳሁ። እናትና አባቷን ያጣችው የሴት ልጄ ልጅ ብርቱካን እስቴ ውስጥ ከአጎቷ፣ ከአባቷ ወንድም ጋር ሁለት ማሳ ልትካፈል ነው። አንዱ ምንጭ አለው፤ ሌላው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከደረሳት ምን ትበላለች?

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሾፌሩ ሚኒባሷን እየነዳ፣

«እናቴ፣ ሁለት ወንዝ አለብን። እያንዳንዱ ወይ ያሳልፋል፣ ወይ ይመልሳል» አለኝ።

«እንግዲያ ግማሽ ተስፋ አለን በለኛ!»

«ግማሹማ ለአንዱ ነው። ሁለቱም ካላሳለፉን አንደርስም።»

የመጀመሪያውን ስንሻገር ውሃው ከበሩ ሥር ገባ። ተሳፋሪው እልል ሲል እኔ ለስንቅ የያዝኩትን ቆሎ ጨብጬ ያዝኩ፤ ሁለተኛው ገና ነበራ! እሱንም በእመቤታችን ረድኤት አለፍን።

ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ፣ አንድ ግራር ሥር

ማሳውን የሚያካፍሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ትልቁ፣

«ልጅቷ ገና ናት። መጀመሪያ ለምንጩ ማሳ ዕጣ ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ የሚለው ራሱ በዕጣ ይለይ። ካልወጣላት ምንጩ ለአጎቷ ይሁን፤ ከወጣላት ማን እንደሚወስደው ሁለተኛ ዕጣ እንጥላለን። ሁለቱም ዕጣ እኩል ነው» አሉ።

ይህማ እንደ ሁለቱ ወንዞች ነው! ከቆሎዬ አራት ፍሬ መሬት ላይ ደረደርኩ።

«አባቴ፣ እነዚህ አራት መንገደኞች ናቸው። የመጀመሪያው ወንዝ ሁለቱን መለሰ። ሁለተኛው ከተረፉት አንዱን መለሰ። ስንት ተሻገረ?»

«አንድ።»

«የብርቱካን ዕድል ያቺ አንዷ ናት። ሦስቱ የአጎቷ ናቸው። እኩል የሚሉት ይህንን ነው?»

«አዪ፣ የስማዳ ሴት! ነገር ይዛ መጣች» ብሎ አጎቷ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ፍሬዎቹን ደጋግመው ቆጠሩና፣ «አንድ ዕጣ ይሁን» አሉ።

ከየማሳው አንዳንድ ጓል መጣ። ለዕጣ ምልክት ብርቱካን ሰንበሌጥ፣ አጎቷ ጭራሮ ሰጡ። የማን እንደሆነ ያላየ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ጠርተን በየጓሉ ላይ አንዳንድ አስጣልነው። ጭራሮው የምንጩ ማሳ ጓል ላይ አረፈ፤ ምንጩ የአጎቷ ሆነ።

«እማማ፣ በከንቱ ደከሙ» አለች ብርቱካን እንባዋ እየወረደ።

«ግማሽ ዕድል ይገባሽ ነበር፤ ግማሹን አስሰፈርኩልሽ። የወጣው የእግዜር ነው» አልኳት። ከዘር እህሌ እንደማካፍላት ነግሬያት ተለያየን።

በማግስቱ እነዚያኑ ወንዞች እንደገና እየፈራሁ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም። ሩቡን ግማሽ ነው ብሎ የሚሰፍርላት ሰው ዳግም ቢነሳ ግን፣ በእርጥቡ ጫማ እመለሳለሁ።