በአቾል መስኮት ላይ ያደረግሁት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። ትንሽ ስለምትመስል ይሆን የምዘላት? ወይስ ከተናገርኳት በኋላ ትንሽ እንደማትሆን ስለማውቅ? ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ ልናገር። ጁባ ውስጥ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር፣ የአንዲት ሴት መስኮት ዝናብ እንዲያስገባ አደረግሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት። ከዚያም ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ጣልኩት።

ሥራዬ አሉሚኒየምና መስታወት ነው። ጁባ የወሰደኝ አንድ የግንባታ ድርጅት ነው፤ ጦርነቱ ቆሞ ከተማዋ በጥድፊያ የምትሠራበት ዘመን ነበር። ለቢሮዎቹና ለእንግዳ ማረፊያዎቹ ሙቀቱንና የጄነሬተሩን ጩኸት የሚከለክል ድርብ መስታወት ይገባላቸዋል። የምገጥመው እኔ፣ ሲበላሽ የምጠግነውም እኔ ነበርኩ። የምኖረው በድርጅቱ ግቢ፣ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ኬንያውያንና ኡጋንዳውያን እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሥራ እንጂ ለጨዋታ አይበቃም። ግቢ ውስጥ ስሜ "ተስ" ነው። መንገድ ላይ "ሀበሻ" ነው። የአገሬ ሰው በከተማው ሞልቶ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እኔ ሰው ቀርቤ ማውራት የማልችልበት ሰው ነኝ፤ ምግብ ቤታቸው ገብቼ፣ በልቼ፣ ከፍዬ እወጣለሁ። አንድ እሑድ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄጄ ምንም ሳልገዛ ግማሽ ቀን ዞርኩ። በግርግሩ የሰው ትከሻ ሲነካኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ሆኜ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ታሪኩ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

አቾል ነርስ ነበረች። ዲንካ ናት፤ በልጅነቷ ተሰዳ ጋምቤላ የገባች፣ ኋላም አዲስ አበባ የተማረች፣ ሰላም ሲወርድ አገሯ የተመለሰች። ባሏን ጦርነቱ በልቶባታል፤ ልጅ አልነበራትም። የምትኖርበትን ቤት ያሠራላት ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ድርብ መስታወት ያላቸውን መስኮቶችም ከካምፓላ ያስመጣላት እሱ ነው። ዝናብ በጀመረ ሰሞን የሳሎኑ መስኮት ውሃ ሲያስገባባት በሥራ ባልደረቦቿ በኩል እኔን አገኘችኝ።

ችግሩ ቀላል ነበር። እንዲህ ባሉ መስኮቶች ፍሬም ታች፣ በውጭ በኩል፣ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የጁባ ቀይ አቧራ ጭቃ ሆኖ ደፍኗቸዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል። በቀጭን ሽቦ ጠርጌ ከፈትኳቸው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዕቃዬን ስሰበስብ፣

"ምን ሲደረግ! ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም" አለችኝ፣ በጥሩ አማርኛ። "ስምዎን ማን ልበል?"

"ተስፋዬ።"

"ተስፋዬ" አለች እሷም፣ ሙሉውን፣ ፊደል ሳታጎድል።

ስሜን እንደዚያ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነበር? ዓሣ በኪስራ አቀረበችልኝ፤ ኪስራ ከማሽላ የሚጋገር ስስ እንጀራቸው ነው። ስለ ነርስነት ትምህርቷ፣ አማርኛ ስትለምድ ስለሳቁባት ልጆች አወራችኝ። ሳቅሁ። ኮንቴይነሬ ገብቼም ብቻዬን ሳቅሁ።

በሳምንቱ "ልየው ብዬ ነው" ብዬ ሄድኩ። በመሐሉ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር።

"ጠብታ አልገባም! እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ ደስ ብሏት።

ደስታዋ ከፋኝ። አዎ፣ ከፋኝ። ዳነ ማለት ከእንግዲህ የምመጣበት ምክንያት የለም ማለት ነዋ! ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ በውጭ በኩል ዞርኩ፤ ከቦርሳዬ ሲልከን የሚባለውን የመስታወት ማሸጊያ ሙጫ አወጣሁና ቀዳዳዎቹን ደፈንኳቸው። ሦስት ነበሩ። ሦስቱንም ደፈንኩ። በጣቴ አለስልሼ፣ ከፍሬሙ ቀለም ጋር አመሳስዬ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። እጄን ታጥቤ! በማዕዷ ላይ "አሜን" ብዬ በላሁ።

ዝናቡ ሲመጣ ደወለች። ሄድኩ። ሁለት ሰዓት የሠራሁ መሰልኩ፤ ጎማውን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ መዝጊያውን ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ አንዱን ቀዳዳ ከፍቼ ሁለቱን ተውኩ። መስኮቱ ትንሽ ዝናብ ይችላል፣ ሲበረታ ያስገባል። እንደገና ደወለች። እንደገና ሄድኩ። "እርስዎ" ቀርቶ "አንተ" ሆንኩ፤ ከዚያም "ወንድሜ" ሆንኩ። በጭቃው ላይ ቦዳቦዳ ሞተር ይዤ ወደ ኮር ዊሊያም ስሄድ ወደ ቤቴ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ሴት ፈልጌ አልነበረም። የፈለግሁት የሚያናግረኝ ሰው ነው። ይህ ጥፋቴን ያሳንሰዋል? ያኔ ያሳንሰዋል ብዬ አስብ ነበር።

ውሃ በፍሬሙ ውስጥ ሲተኛ ሁለቱን መስታወቶች የሚያጣብቀውን ማሸጊያ ይበላዋል። ማሸጊያው ሲለቅ እርጥበት በመሐላቸው ይገባል፤ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፤ ቢጠርጉት አይለቅም፣ ከመቀየር በቀር መድኃኒት የለውም። የአቾል መስታወትም እንደዚያ ሆነ። ይህን አላሰብኩትም ነበር ልበላችሁ? ሙያዬ እኮ ነው። አውቅ ነበር።

"ምንድን ነው ግን ነገሩ?" አለችኝ፣ ጉሙን በጨርቅ እየፈተገች። "አዲስ መስኮት እኮ ነው፤ ለምን እንዲህ ይሆናል?"

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን "አገጣጠሙ ነው፤ ሲገጠም ተበላሽቷል" አልኳት።

ጨርቁን አስቀመጠች። "ላዶ ነው የገጠመው" አለች ቀስ ብላ።

ላዶ አናጺ ነው፤ የጁባ ልጅ፣ ባሪ ከሚባለው የአገሩ ብሔረሰብ፣ ኮንዮ ኮንዮ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ተጠርቶ መጣ። ሊጣላ የመጣ መስሎኝ ነበር። ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። የኔ ጁባ አረብኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ እሱ አማርኛ አያውቅም፤ ስለዚህ አቾል በመሐላችን ቆማ ታስተረጉም ነበር። ጨበጠኝና አንድ ነገር አላት።

"ስህተቴን ያሳየኝ፤ ሌላ ሰው ቤት እንዳልደግመው ነው የሚልህ" አለችኝ።

ከዚህ የበለጠ ቅን ጥያቄ ሰው ይጠየቃል? እኔም መለስኩ። "ፍሬሙ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ ለዚህ ነው ውሃው ወደ ቤት የሚሄደው በይው" አልኩ። አለችው።

ላዶ ጨርቁን ፈቶ ውሃ ልኩን ፍሬሙ ላይ አስቀመጠ። ጠበቅን። በውስጡ ያለችው አረፋ ወዲህ ወዲያ ብላ መሐል ላይ ቆመች፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ልክ። ሦስታችንም አየናት። ላዶ በጣቱ አሳያት።

"ውሃ ልኩ አርጅቷል፣ ይዋሻል በይው" አልኩ እኔ።

አቾል ዞር ብላ አየችኝ። ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ውሸቴን በገዛ አፏ ወደ ቋንቋው አዙራ ነገረችው።

ላዶ እንዲህ ያለ የውጭ መስኮት ከዚያ በፊት ገጥሞ አያውቅም፤ የሚያውቀው እንጨት ነው። ታች ቀዳዳ መኖር እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ፣ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ቢሰድ ኖሮ፣ ሲልከኔን ያገኘው ነበር። አልጎነበሰም። የባለሙያ ቃል ሰማ፣ አመነ። ውሃ ልኩን መልሶ ጠቀለለና ወደሷ ዞሮ "ማሌሽ" አላት፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ጠየቀ። ያጠፋሁት እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ምን አደረግሁ? ምሳዬን በላሁ።

ወሬው ፈጥኖ ሄደ። የአቾል ወንድም በስልክ ሰምቶ ተቆጣ፤ ለዘመዱም ለወዳጁም ተናገረ። አንድ ጎረቤት በርና መስኮት ሊያሠራው ከላዶ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ተወው። ብዙም ሳይቆይ ላዶ ሥራ ቤቱን ዘግቶ ዬይ ወደምትባል ከተማ ሄደ ተባለ። እኔ አዲስ መስታወት ከካምፓላ አስመጥቼ ቀየርኩላት፤ ፍሬሙን ያቃናሁ መስዬ ቀዳዳዎቹን ከፈትኩ። መስኮቱ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላስገባም። ያዩት ሁሉ "ባለሙያ ሲነካው እንዲህ ነው" አሉ።

አንድ ከሰዓት አዲሱ መስታወት ፊት ተቀምጠን ነበር። አቾል ወደ መንገዱ እያየች፣ ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ።

"ላዶ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር እኮ።"

"መቼ?" አልኩ።

"መስኮቱ ከመበላሸቱ በፊት። እሺ ልል ነበር። ወንድሜ ግን 'ቤትሽን ያጭበረበረ ሰው አንቺንም ያጭበረብራል' ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው።"

"አንቺስ? አንቺ ምን አልሽ?"

"እኔማ ምን እላለሁ? ያቺን አረፋ መሐል ላይ በዓይኔ አይቻት ነበር። ግን አንተ ባለሙያ ነህ፤ ወንድሜም ነህ። ዓይኔን ትቼ አንተን አመንኩ።"

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ተናገር አትሉኝም? ላዶ ገና ሩቅ አልሄደም፤ ወደ ዬይ መኪና አይጠፋም ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ "የደፈንኩት እኔ ነኝ" ማለት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ይህ ነው፤ "አይዞሽ፣ የተሻለ ሰው ይመጣል።" እሷም "እንዳፍህ ያድርገው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት መሄድ አልቻልኩም። ስትደውል ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ያን ሁሉ ያደረግሁት ብቻዬን ላለመሆን ነበር፤ መጨረሻው ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ቦታ፣ ብቻቸውን መቀመጥ ሆነ። ደቡብ ሱዳኖች ነጻነታቸውን ባወጁበት ዓመት ኮንትራቴ አለቀና አገሬ ገባሁ። ልሰናበታት ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ እንኳ አልተናገርኩም። ለመንገዴ ሰሊጥ ቋጥራ ሰጠችኝ።

አሁን ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ቤቴ ድምፅ ሞልቶታል። አቾል ብቻዋን ናት። ላዶ የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም። ለማወቅም ብዙ አልጣርኩም፣ ይህንንም ጻፉልኝ። አቾል በየፋሲካው ትደውልልኛለች። ዘንድሮም ደወለች። ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርታ መረቀቻቸው። እኔም ልናገር ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ስለ ጤናዋ ጠየቅኋት፣ ደህና ነኝ አለችኝ፣ ስልኩን ዘጋን።

ብቸኝነት ነው ያሳተኝ እንዳልል፣ ላዶም ብቸኛ ነበር፤ እሱ ሽማግሌ ላከ እንጂ የማንንም ቤት አላበላሸም። አላወቅሁም እንዳልል፣ አወቅሁ፤ ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የሁለት ሰዎች ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ አንዳቸውንም አልጠየቅሁም።