የተኛ ሰው ተራ

በመርሳ የሽንኩርት መጫኛ ለብዙ ዓመታት የጫኝና አውራጆች ተራ ጠሪ ሆነው የኖሩት ጋሼ እንድሪስ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በቤታቸው አርፈው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተቀብረዋል። ከግራና መንደር ምርታችሁን ታመጡ የነበራችሁ ገበሬዎች፣ በወልድያ በኩል የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ከእኛ ጋር ስትሸከሙ ቆይታችሁ ወደ ሌላ ቦታ የሄዳችሁ ወንድሞች፣ ዜናው ያልደረሳችሁ ትኖራላችሁና ይህን የጻፍኩት ለእናንተም ነው።

ጋሼ እንድሪስን አብዛኞቻችሁ የምታስታውሷቸው በድምፃቸው ይመስለኛል። ቀጭን ነበር፤ ግን አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል። ጠዋት አይሱዙው ሲቆም ከኋላ ጎማው አጠገብ ይቆሙና በተራችን ስማችንን ይጠራሉ። የተጠራው «አለሁ» ብሎ ይጠጋል። በመጨረሻ «እንድሪስ!» ብለው የራሳቸውን ስም ይጠሩና ፊታቸውን ወደ ሌላ ጎን አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አለሁ» ይላሉ። በየቀኑ የምንሰማው ቢሆንም በየቀኑ እንስቅ ነበር።

ታሞ የተኛ ሰው ስም ከተራው አይወጣም። ስሙ ሲጠራ ከመካከላችን አንዱ «አለ» ብሎ ይመልስለታል። የመለሰው ሰው ያንን ጭነት በተኛው ስም ይሸከማል፤ ማታ የዚያ ተራ ክፍያ ግማሽ ለታመመው ቤት ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ያመጡት ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ደመወዝም ጡረታም የሌለን ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን ከቀረን የዚያ ቀን ራት ይቀራል። አንድ ጊዜ የቸኮለ ሾፌር፣ «ጋሼ፣ የሌለ ሰው እየጠሩ ሊያስረፍዱን ነው?» አላቸው። «አለ እንጂ» አሉት፣ «ቤቱ ተኝቶ ነው ያለው። አንተም ብትተኛ ከነመኪናህ እንጠራሃለን።» ሾፌሩ ሳቀና ሞተሩን አጠፋ።

እኔም ተኝቻለሁ። ከመወጣጫው ጣውላ ላይ ከነጆንያው ወድቄ የቀኝ ትከሻዬ በተሰበረ ጊዜ፣ ማታ ማታ ድርሻዬን ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው የቀኑን ሥራ ይነግሩኛል። «ያንተ የደረሰው ቀዩ አይሱዙ ላይ ነው። ሽንኩርቱ እርጥብ ነበር። ይመር እየተራገመህ ነው የጫነልህ» አሉኝ አንድ ቀን። ይመር የሥራ ጓደኛዬ ነው። ላመሰግናቸው ስጀምር አቋረጡኝ፤ «ምስጋናውን ተወው፤ ተራህ ነው። ስትድን ይመርን ብቻ ታረቀው።»

ትከሻዬ እንደ ድሮው አልሆነም። እሳቸውም ይህን ከእኔ በፊት አውቀውታል። ለእኔ ሳይነግሩኝ ከነጋዴ ነጋዴ እየዞሩ፣ ልጁ የተጎዳው ትከሻው እንጂ እጁ አይደለም እያሉ ሲያስረዱ ሰንብተው፣ የጆንያ አፍ የመስፋት ሥራ አገኙልኝ። የመጀመሪያ ቀን ከጎኔ ቁጢጥ ብለው የሰፋሁትን በጣታቸው እየሳቡ ሲፈትኑ ዋሉ። የላላውን አስፈትተው እንደገና አሰፉኝ። ዛሬም የምበላው በዚያ ሲባጎ ነው።

ስለ ቀን ሠራተኞች ዋስትና ሊመከር ወልድያ ስብሰባ ሲጠራ የወከሉን እሳቸው ነበሩ። ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ሄዱ። ሲመለሱ ከበብናቸው። በደንብ እንዳዳመጧቸው፣ ሻይም እንደጋበዟቸው ነገሩን። ቀጥለው፣ «አሠሪያችሁ ማን ነው አሉኝ። ማንን ልበላቸው? ጠዋት የጫንኩለት ሰው ማታ አዲስ አበባ ነው» አሉ። ይህን ሲናገሩ አልሳቁም። መፍትሔው እስኪገኝ ድረስ ስም መጥራቱን እንዳናቋርጥ ነግረውን ሸሚዛቸውን ሊቀይሩ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዘንድሮ ከክረምቱ በኋላ ሰውነታቸው እየመነመነ መጣ። ጆንያ ካወረዱ በኋላ አንድ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ያሳርፋሉ። ስንጠይቃቸው እርጅና ነው ይሉናል። በየጠዋቱ «አለሁ» ማለታቸው አልቀረም። እኛም መሳቃችን አልቀረም።

እውነቱን የሰማነው በለቅሶው ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ ከድጃ ነው። ሕመሙ ከጀመራቸው ቆይቷል። ሐኪም ቤት እንዲሄዱ፣ ተራቸውም እንደሚጠራላቸው እየነገሩ እትዬ ከድጃ ለምነዋቸው ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን፣ «ሁለት ሰው ተኝቷል፤ መኪናውም ቀንሷል። እኔ ሦስተኛ ሆኜ ብተኛ ልጆቹ ለራሳቸው ምን ይሸከማሉ?» አሏቸው። ለማንም እንዳይናገሩም አስማሏቸው። ወልድያ ሆስፒታል የደረሱት በዋዜማው እሑድ መቆም ሲያቅታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ስላልነበረ ማታውኑ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስንስቅበት የነበረው «አለሁ» እውነት አልነበረም።

ሥርዓቱ ለሞተ ሰው አይሠራም። ይህንንም የደነገጉት እሳቸው ናቸው። ለሞተ ሰው ዱዓ ይደረግለታል እንጂ ተራ እንደማይጠራለት፣ ያለዚያ የቆመው እንደሚራብ ደጋግመው ነግረውናል።

ጋሼ እንድሪስ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ማክሰኞ ጠዋት ሕግዎን አፈረስን። የመጣው አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር። ይመር እርስዎ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሞ ስም ጠራ። ሁለቱን የተኙትንም ጠራ፤ «አለ» ተባለላቸው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ እንድሪስ» አለ። ለሞተ ሰው እንደማይጠራ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ከድጃ ሌላ ገቢ እንደሌላቸውም እናውቃለን። የሳቀ አልነበረም። እኔ ጆንያ እየሰፋሁ ነበር። እርስዎን «አለ» ማለት ስለማይሆንልኝ «አሉ» ብዬ መለስኩ። እኔ መሸከም ስለማልችል ጭነትዎን ይመር አነሳው፤ የጆንያውን አፍ አጥብቄ ሰፍቼለት ነበር።

እስከ መቼ እንደምንችል አላውቅም። መኪናው ከቀነሰ ወዲህ ተራው ለቆሙትም አይበቃም። ነገ ግን ስምዎ ይጠራል። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። ከእንግዲህ «አለሁ» ማለት የለብዎትም፤ እርስዎ ይተኙ፣ እኛ እንመልስልዎታለን።