የዘገየ ለቅሶ፤ ከፀዳ እስከ አምባ ጊዮርጊስ

እኔና ልጄ ትርንጎ ከፀዳ የተነሳነው ማለዳ ነው። የምንሄደው አምባ ጊዮርጊስ፣ ለቅሶ ልንደርስ። ሟቿ የሺ ናት፤ ከትርንጎ ጋር ነጭ ሽንኩርት የምትነግድ ጓደኛዋ። አንድ ቀን ከገበያ በማኪና ሲመለሱ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተና የሺ ከልጄ ጎን እንደተቀመጠች ሞተች። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ማኪና አትሳፈርም። በር ሲላተም ትደነብራለች፣ ሌሊት ትጮኻለች። ክረምቱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ የየሺ እናት ዘንድ ሄዳ አላለቀሰችም። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

እኔ መነኩሲት ነኝ፤ ከደብር ደብር ስዞር ነው ያረጀሁት። ጸበል ወሰድኋት፣ እንቅልፍም ትንሽ መጣላት። ማኪናው ግን እንቢ አለ። ጎንደር በንግግር የሚያክሙ ሐኪሞች መኖራቸውን የነገረችኝ እዚያው ጸበል ላይ ያገኘኋት ሴት ናት።

በእግር ይዣት ሄድሁ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ናት። መርፌ አልወጋቻትም። ያችን የተኩሱን ቀን ከጠዋቷ ጀምራ እስከ ማታው እንድትናገር ታደርጋታለች፤ ሲያልቅ እንደገና። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ። ቀጥላ የቆመ ማኪና ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ኋላ ከፀዳ እስከ አዘዞ አሳፈረቻት፣ ኋላ እስከ ፒያሳ። “ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። መሃል ላይ ከወረድሽ ግን ልብሽ ያዳነኝ መውረዴ ነው ይላል” አለቻት። “አሁን የቀረሽ ምንድን ነው?” ብላ ብትጠይቃት ልጄ “ለቅሶ” አለች።

ወደ እኔም ዞረች። “እማሆይ፣ አብረዋት ይሂዱ። ግን አይዞሽ እያሉ አያባብሏት።”

“አይዞሽ ሳልል ምኗ ልሆን ነው?”

“አጠገቧ ይሁኑ። እሱ ይበቃል።”

ጎንደር መናኸሪያ

ታሪፉ እንደ ረዳቱ ፊት ነው፤ አኩርፎ የጠራውን ከፍለን ገባን። ከበሩ ላይ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፣ ትርንጎ አልነካችውም። “መስኮቱ ጋ አልቀመጥም” ስላለችኝ እኔ ተቀመጥሁበት። ከፊታችን ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ አያ ደሴ የሚባሉ፣ ለገበያ የሚሄዱ ነበሩ። እስክንወጣ ድረስ ሊገዙት ስላሰቡት በሬ አወሩን።

ከኮሶዬ በላይ

ከኮሶዬ በኋላ ብርዱ ተለየ። ገደሉን ጉም ሞልቶታል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ አረንጓዴ ነው። ትርንጎ ሐኪሟ እንዳስተማረቻት እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ የምታየውን ትጠራለች፤ “ባሕር ዛፍ። ነጭ ፈረስ። ድንጋይ የጫነ አይሱዙ።” አንድ ኩርባ ሲመጣ ድምፅዋ ቆመ። እጄን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

“ወራጅ አለ” አለች።

ረዳቱ በሩን ደበደበ፣ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

“አመማት እንዴ? ውሃ ስጧት።”

“እማሆይ፣ ምነው ዝም አሉ? ያባብሏት እንጂ” አሉኝ አያ ደሴ።

አፌ ውስጥ አይዞሽ ሞልቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ማኪናው ጥግ ይዞ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ “ትወርጃለሽ፣ አትወርጅም?” አላት።

ትርንጎ ክፍቱን በር አየች። ላቧ በአገጯ ይወርዳል። ከቆይታ በኋላ እጄ ላይ ያለው ጭብጧ ላላ።

“ዝጋው” አለችው። “ንዱት።”

“ተመስገን” አሉ አያ ደሴ። “እኔማ በሬዬን ሌላ ሰው ሊገዛብኝ ነው ብዬ።”

ትርንጎ ሳቀች። ኩርባውን ያለፍነው እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ

የየሺ እናት ላቀች ከበራፏ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ልጄን ስታይ አልተነሳችም።

“መጣሽ?”

“መጣሁ፣ እማማ።”

“ቆየሽ። መቃብሯ ላይ ሣር በቀለ።”

ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ሲበርድላቸው ላቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። “ሰው ሁሉ እርሺው ይለኛል። እንዴት እንደሞተች አንድም ሰው አልነገረኝም። አንቺ አጠገቧ ነበርሽ፤ ንገሪኝ።”

ልጄ ከጠዋቱ ጀመረች። ስለ ሻሽ ቀለም መጨቃጨቃቸውን፣ የገዙትን፣ የሳቁበትን ሁሉ። አንዲት ቦታ ላይ ቆመች፤ ቀጠለች። “መስኮቱ ጋ የነበርሁት እኔ ነኝ። አቅለሸለሸኝ ስትለኝ ተነስቼ ለቀቅሁላት። ጥይቱ በመስኮቱ ነው የገባ።”

ይህን እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ላቀች የያዘችውን ባቄላ ፈልፍላ ጨረሰች።

“ከልጅነቷ ጀምሮ ማኪና ያቅለሸልሻታል” አለች። “አስመለሳት?”

“አላስመለሳትም። ነፋሱ ተሻለኝ፣ ተባረኪ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።”

“ተሽሏት ነበር?”

“ተሽሏት ነበር።”

“እንግዲያስ ሸጋ አደረግሽ” አለች ላቀች። እህል እንኳ ሳትቀምሱ አትሄዱም ብላ ባቄላውን ለመቀቀል ተነሳች።

ፀዳ ስንመለስ

በመመለሻው ትርንጎ ሳትጠይቀኝ መስኮቱ ጋ ገባች። ኩርባው ላይ ዓይኗን አልጨፈነችም። ፀዳ ሳንደርስ ያን የጠዋት ዳቦ ከቦርሳዬ አውጥታ በላችው።

ሐኪሟ ዘንድ ገና ቀጠሮ አለባት፤ ሌሊቱም ገና አልለቀቃትም። ያን ቀን ደጋግማ መናገር የተማረችው ራሷን ለማዳን ነበር፤ ላቀች ግን ያንኑ ነገር ቤቷ ተቀምጣ ስትጠብቀው ኖራለች። እኔ ከመንገዱ የያዝሁት ይህን ነው። በሚቀጥለው ገበያ ለሽንኩርት ብቻዋን እንደምትሄድ ነግራኛለች። አይዞሽ አላልኋትም። ማለዳ ተነስቼ እስከ አስፋልቱ እሸኛታለሁ።