ኦቶን የፈለግንባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው መስከረም አንድ ማለዳ፣ እዚህ ጆርጂያ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ በምሠራበት ሆስፒታል ሊፍት ስጠብቅ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ያለውን የነሐስ ሰሌዳ በጨርቅ ይወለውል ነበርና የፖሊሹ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ያ ኮምጠጥ ያለ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ሊፍቱ መጣ፣ ሰው ገባ፣ ተዘጋ፣ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው ሰሌዳውን ማንበብ የፈለግኩ መስሎት ገለል አለልኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? እኔ እዚያ አልነበርኩማ! አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ብሩክሄቨን ባለው አፓርትመንታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፣ አባቴም አይቶት የማያውቀውን የአንድ ጀርመናዊ ወታደር ሜዳሊያ ይወለውላል።

አባቴ መቶ አለቃ ታደሰ በአገሩ ወታደር ነበር፤ እዚህ ግን ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ መኪና፣ ሸትል፣ ይነዳ ነበር። ዩኒፎርሙን ራሱ ይተኩሳል፣ እናቴን አያስነካትም፤ ሸትሉን ፓርክ ሲያደርግ እንኳ ወርዶ ጎማዎቹ ከመስመሩ እኩል መሆናቸውን ዞሮ ያያል። ስለ ወታደርነቱ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ የማውቀው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፣ እሷንም እናቴ ተናዳ ሳለ ያመለጣት ናት፤ አባቴ አንድ ጊዜ ሜዳሊያ ተሸልሞ ነበር፣ መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ግን ሜዳሊያውንም ወረቀቱንም በጨርቅ ጠቅልሎ ወንዝ ውስጥ ጣለው። በምን ሥራው እንደተሸለመ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ! ለኔስ መቼ ነገረኝ?» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይሄን ማወቅ አማረኝ፤ እንዲያው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከኤርፖርቱ ወዲያ ባለ ትልቅ አዳራሽ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። አባቴ ለእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሊገዛላት ሄዶ፣ መኪናው ቀረና አንዲት ደብተር ይዞ መጣ፤ መዳፍ የምታህል፣ ቡናማ፣ ጠርዟ የተላጠ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር የደመወዝ ደብተር። ውስጧ ጆሮው ገንጠል ያለ የአንድ ልጅ እግር ወታደር ፎቶ አለ፣ ስሙም ኦቶ ዘልነር ይላል። ሻጩ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰው፣ የዚሁኑ የኦቶን ሜዳሊያዎችና የሽልማት ወረቀቶች አንድ በአንድ ለያይቶ ነበር የሚቸረችረው፤ ሜዳሊያ የሚሰበስበው ሌላ፣ ወረቀት የሚሰበስበው ሌላ ስለሆነ እንደዚያ ነው አሉ የሚያዋጣው። አባቴ ደሙ ፈላ። «የሰው ሜዳሊያ ከወረቀቱ ይለያል? ይሄ እኮ ሰውን ገነጣጥሎ መሸጥ ነው!» እያለ ሳሎኑ ውስጥ ሲንጎራደድ ዛሬም ይታየኛል። ዕቃው የወጣው እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ትኖር ከነበረች ከኦቶ ሴት ልጅ ቤት መሆኑን ከሻጩ ሰምቷል። በቃ፣ አባቴ በዚያው ፈረደ፤ ልጅ አውቃ የአባቷን ሜዳሊያ አትሸጥም፣ ሳታውቅ ወጥቶባት ነው፣ ስለዚህ ተሰብስቦ ይመለስላታል።

መሰብሰቡ አንድ ዓመት ፈጀ። ጥቁሩን የብረት መስቀል አንድ ቅዳሜ፣ ወረቀቱን በሌላ ቅዳሜ፣ የቁስለኞች ምልክቱን ደግሞ ቀድሞት ገዝቶ ከነበረ ሌላ ሰብሳቢ ለምኖ አመጣ፤ ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ አኖረው። ጀርመንኛውን ያነበቡለት የሆቴሉ እንግዶች ነበሩ፤ ከጀርመን የሚበሩ አብራሪዎችና አስተናጋጆች እዚያ ስለሚያድሩ፣ ሸትሉ ላይ ሲሳፈሩ የደብተሯን ፎቶ ኮፒ ያወጣላቸዋል። አንዳንዱ ስቆ ያነባል፣ አንዳንዷ ፊቷ ተለዋውጦ ወረቀቱን ትመልሳለች። እንዲህ እንዲህ እያልን የኦቶን ሁለት ጊዜ የተጠገነ ጫማ፣ የተነቀለ ጥርሱን፣ ጉልበቱ ላይ የገባችውን ፍንጣሪ፣ ሆስፒታል የተኛበትን ቀን ሁሉ አወቅን። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሜዳሊያዎቹን በፖሊሽ ይወለውላቸዋል፤ ወታደር ነውና ሜዳሊያ ዝጎ ማየት አይሆንለትም። አንድ ቀን መስቀሉን ለባለ ጢሙ ሻጭ ሊያሳየው ይዞት ቢሄድ ሰውዬው ሊያለቅስ ደረሰ፤ የጥንት ሜዳሊያ ከነዝገቱ ነው ለካ የሚፈለገው። «ዋጋውን ገደልከው» ሲለው፣ አባቴ «እኔ ልሸጠው ነው እንዴ?» ብሎ ኮርቶ መጣ። እናቴ በበኩሏ «ሰውዬው የሞተ ሊያስነሳ ነው» እያለች ጠረጴዛዋ ላይ በቀረው ሽታ ትማረር ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ የጀርመን መንግሥት ንስር ማኅተም ያለባትን አንዷን ወረቀት ለጓደኞቼ ላሳይ ትምህርት ቤት ወስጄ ጉድ ፈላ። አስተማሪዬ ማኅተሙን ስታይ ደነገጠች፣ አባቴን አስጠራችው፣ እሱም ከነዩኒፎርሙ መጥቶ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲገሰጽ ዋለ። መኪና ውስጥ ስንገባ እያለቀስኩ «ኦቶ ክፉ ሰው ነው እንዴ?» አልኩት።

«ያገለገለው ክፉ ነው። እሱ ራሱ ምን እንዳደረገ ግን እኔ አላውቅም» አለኝ። «ክፉም ይሁን ደግ፣ ልጁ የአባቷን ማወቅ አለባት።»

ይሄኔ ካልጠየቅኩት መቼ ልጠይቀው ነው? «አንተስ አባዬ፣ ያንተን በምን ሸለሙህ?» አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ። «ይሄን ሳጥን ለኦቶ ልጅ ያስረከብን ቀን እነግርሻለሁ» አለኝ። ቃል? ስለው፣ ቃል፣ አለኝ። አባቴ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም፤ ስለዚህ የኦቶ ልጅ መገኘት ከዚያ ወዲያ የኔም ጉዳይ ሆነ።

ፍለጋው የተጀመረው በስልክ ማውጫ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኛ ቤት ጉድ። የአባቴ ስሌት ቀላል ነበር፤ የኦቶ ልጅ እገሊት ኦቶ ናት፣ ታግባም አታግባም። የኛ ፖስታ ሳጥን ላይ ታደሰ ወልዴ፣ እታፈራሁ ገብሬ፣ ሰናይት ታደሰ ተብሎ ተጽፎ ፖስታ አመላላሹ ስንት ቤተሰብ ተደርባችሁ ነው የምትኖሩት ብሎ ጠይቆናል፤ አባቴ ግን የሌላው ሰው ስም ከኛ የተለየ ሥርዓት ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። እኔም ሞኟ፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ በየቀኑ እየሰማሁ ነገሩን አላገናኘሁትም። ማውጫው ውስጥ የቤተሰብ ስማቸው ኦቶ የሆነውን በሙሉ አባቴ በቀይ እስክርቢቶ አሰመረባቸው። እንግሊዝኛው ያንቺ ይሻላል ተባልኩና መደወሉ የኔ ሆነ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሱ ቁጥሩን ያነብልኛል፣ እኔ እደውላለሁ፣ እሱ ጆሮውን ወደ መስሚያው አስጠግቶ ትንፋሹን ይይዛል።

አራተኛው ስልክ ላይ ነው ያወቅኩት። ቃላቱን እየጎተተ የሚናገር አንድ ሽማግሌ ሳይሰለች አስጨረሰኝና፣ «ልጄ፣ ኦቶ የኔ የቤተሰብ ስም ነው። የናንተ ሰውዬ ቤተሰቡ ዘልነር ነው። ልጁ ደግሞ አግብታ ከሆነ የባሏን ስም ይዛለች፤ እዚህ ገጽ ላይ አታገኟትም» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። አባቴ በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔም «አይደሉም» አልኩት፤ «የሚቀጥለውን በለኝ።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ፣ ቤት ሲገባም ዝም የሚል ሰው ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብቻ ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፣ ይስቃል፣ በየስልኩ መሀል ኦቶ ጉልበቱን ሲመታ ምን ብሎ እንደጮኸ እየፈጠረ ያወራልኛል፣ ጎበዝ ጸሐፊዬ ይለኛል። እውነቱን ብነግረው ያ ሁሉ በአንድ ቀን ሊያልቅ ነው። ትንሽ ልቆይና እነግረዋለሁ አልኩ። የከተማው ማውጫ ሲያልቅ አባቴ ከቤተ መጻሕፍት የሌላውን ከተማ አመጣ፤ ያ ሲያልቅ የሌላውን። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የት እንደማትገኝ በማውቃት ሴት ፍለጋ፣ እየደወልኩ፣ እየሳቅኩ፣ እየተደሰትኩ ኖርኩ። አቤት ደስታዬ! እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ ልዋሽ አልችልም።

ከዚያማ አደግኩ። ቅዳሜ ሥራ ያዝኩ፣ ጓደኛ አበዛሁ፣ አባቴ ማውጫውን ይዞ ብቅ ሲል ኦ ማይ ጋድ አባዬ፣ አሁን ደግሞ? ማለት ጀመርኩ። አንድ ሁለት ቅዳሜ በራሱ እንግሊዝኛ ሞከረና ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባው። አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል ኮሌጅ ገባሁ፣ ዛሬ ነገ ስል አገባሁ፣ ወለድኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ ከቃል ሁሉ «እሺ» ብቻ ቀረችው። ቢርበውም እሺ፣ ቢናደድም እሺ፣ ውኃ ሲፈልግም እሺ ነው። የሚባለውን ሁሉ ግን ይሰማል፣ ይገባዋልም።

ያን የሊፍቱን ዕለት ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና የኦቶን ስም ትቼ ዘልነር ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እዚሁ በታተመ አሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ የአባቷ ስም ኦቶ፣ የቤተሰቧ ስም ዘልነር የነበረች ሴት የሞት ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ያረፈችው አባቴ ደብተሯን በገዛበት ዓመት ነው፣ ሊንዳ የምትባል ልጅ ትታለች። ማለት አባቴ በየሳምንቱ ማውጫ ይበደርበት በነበረው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሄ ጋዜጣ ነበር። ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ! ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ።

ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት፤ ሊንዳ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወላጆቼ ቤት መጣች፣ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ ጆሮዋ የኦቶ ጆሮ። እናቷ ስትሞት ቤቱን የእንጀራ አባቷ ሳይጠይቃት አስጠርጎ ዕቃውን ሸጦት ኖሯል፤ እናቷም ስለ አያትየው ነግራት አታውቅም። አባቴ ሸሚዝ ለብሶ፣ በደህና እጁ ሳጥኑን ገፍቶ ሰጣት። ደብተሯን ገጽ በገጽ አየች፣ የጦር ክፍሉ ስም ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች። «ምን እንዳደረጉ መፈለግ አለብኝ፤ የምፈራው ዓይነት ቢሆንም» አለች። አባቴ «እሺ» አላት። አባቴን አቀፈችውና ሳጥኑን ይዛ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ እግሩ ሥር ተቀመጥኩና የአራተኛውን ስልክ ነገር ነገርኩት፣ ሁሉንም። ሰማኝ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ እንጃ፣ በግራ እጁ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። «አስረከብን እንግዲህ፤ ቃልህን አባዬ» አልኩት። ያልኩት ለወጉ ያህል ነው፣ መልስ አገኛለሁ ብዬ አልነበረም።

«እሺ» አለ። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረም። እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ፣ አንዴ ድምፁን ዝቅ፣ አንዴ ከፍ እያደረገ፣ በግራ እጁ አየር ላይ ኮረብታ ሠራ፣ ከኮረብታው ማዶ የሆነ ነገር አሳየኝ፣ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ብዙ ቆየ። አንድ ቦታ ላይ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅኩ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተቆረጠና እንባው ወረደ፣ ግን አላቆመም። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማ ነበር፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ። ሩብ ሰዓት ያህል፣ አንዳች ሳያስቀር፣ እስከ መጨረሻው ነገረኝ።

ጨረሰና ፊቴን ማየት ያዘ፣ ፍርዴን እየጠበቀ። ጎበዝ ነበርክ ልበለው፣ እግዜር ይቅር ይበልህ ልበለው፣ የቱ እንደሚገባው የምለይበት፣ ከእሺ ሌላ አንዲት ቃል አልነበረችኝም።