ዋጋ ሲነሣ የሚነሣበት ሰው

በቅሎዬን ለመሸጥ የቆረጥኩት እሷ እኔን ከመግደሏ በፊት ልቅደማት ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ከጀርባዋ አሽቀንጥራኛለች፤ አንዴ ትከሻዬን ነክሳ ጋቢዬን በአፏ ይዛ ቀርታለች። በሰባ ሦስት ዓመቱ በበቅሎ ርግጫ ሞተ ብባል፣ የአንኮበር ሰው ለቅሶ ላይ ሳቁን መቆጣጠር አይችልም። ለለቀስተኛው አዘንኩለት።

ገበያ እንዳልወስዳት ጠባይዋን የማያውቅ ደላላ የለም። ስለዚህ በስልክ ወደሚነግዱበት ገበያ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ክስ ስጽፍ የኖርኩ ነኝና ጽሑፍ አይቸግረኝም፤ «ገራም፣ ዳገት የማይበግራት፣ ለሽማግሌ የምትስማማ» ብዬ ከፎቶዋ ጋር ለጠፍኩ። ከሦስቱ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው። ስለ አታላዮች ሳማርር እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ይቀንሳል።

በማግስቱ አንድ ጨዋ ድምፅ ደወለልኝ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው አለ።

«አባቴ፣ በዋጋው አልከራከርዎትም። በቅሎዋ አሊዩ አምባ ላለው ወንድሜ ናት። ቅዳሜ መጥቶ ያያታል፤ ከወደዳት ገንዘቡን እኔ በስልክ እልክልዎታለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

«አንድ ነገር ብቻ አደራ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ አእምሮውን ታሞ ገና ማገገሙ ነው። ስለ ዋጋ እንዳያነሡበት። ዋጋ ከተነሣ ይነሣበታል።»

አደራ ከተባልኩ አፌን እዘጋለሁ። ቅዳሜ ዕለት ሰውየው ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንገተ ወፍራም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ። ከቆላ ወደ ደጋ እህል እየጫነ የሚኖር ሰው መሆኑን፣ በቅሎው ገደል ገብታ ባዶ እጁን መቅረቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ እብድ ብቻ ነበር። ደግሞ አስተያየቱ! ዓይኑን በርኅራኄ ሞልቶ ነው የሚያየኝ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ምግብ ይበላሉ?» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ አድርጎ።

«እበላለሁ። አንተስ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አልኩት፣ እኔም ለስለስ ብዬ።

«አልሐምዱሊላህ።»

እንዲህ እየተዛዘንን ወደ በቅሎዋ ሄድን። አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፣ ኮቴዋን አነሣ፣ ወገቧን ተጫነ። ከሃዲዋ እንደ በግ ጸጥ አለችለት። ከዚያ ፈንጠር ብሎ በስልክ አንሾካሾከ፣ ስልኩን ነካካ፣ ተመልሶ መጣና ልጓሟን ያዘ።

«በሉ አባባ፣ ቁልቁለቱ ሳይመሽብኝ ልውረድ።»

ስልኬን አየሁ። ምንም አልገባም። ልጓሙን በዚያኛው በኩል ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ የወረቀት ሰውም ነኝ። እሱ ጎተተ፣ እኔም ጎተትኩ።

«ገንዘቡ አልደረሰም» አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

ሰውየው ክው አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። «አሁን ለወንድምዎ ልጅ ልኬያለሁ እኮ!»

«የወንድም ልጅ? ወንድምም የለኝ!»

«ተነሣበት!» ብሎ ጮኸ።

«ተነሣበት!» ብዬ እኔም ጮኽኩ። «ጎረቤት! ድረሱልኝ፣ እብድ ነው!»

«ያዙልኝ፣ አባባን አመማቸው!»

ሊያስቀምጠኝ ብሎ ደረቴን ገፋ አደረገኝ፤ በቁሜ ፋንድያው ላይ ተዘረርኩ። ስነሣ ከዘራዬ በእጄ ነበረች። አፉን አጮልኩት። ሁለት ጥርሶች ድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ሰማሁ፤ ደሙ ተፈንጥቆ በቅሎዋን ረጫት። እዚህ ላይ ብቀር ጥሩ ነበር። ሁለተኛውን ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፍኩበት፤ እውነቱን ልጻፍ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። የተከሳሾችን ቃል ስቀበል «ደሜ ፈልቶ ነው» ሲሉኝ በልቤ እስቅባቸው ነበር። ለካ ይፈላል፤ የጡረተኛ ደምም ይፈላል። ሦስተኛውን ስሰነዝር ልገድለው ነበር።

እጄን አየር ላይ ቀለበው። «ይልቀቁ አባባ፣ ይልቀቁ» እያለ ጠመዘዘው። አንቱታውን አልለቀቀም፤ አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ሲል እንኳ «አፉ በሉኝ» ብሏል። በቀሩኝ ጥርሶች ጉንጩን ነከስኩት። በቅሎዋ ደም ሸቷት በረገገችና የኋላ እግሯን ለቀቀችው፤ ጎኑን አገኘችው። እሱ እኔ ላይ፣ እኔ ካቡ ላይ ወደቅን፤ ካቡ እኛ ላይ።

ጎረቤቶቼ ደረሱ፤ ከፊት የቀደመችው ሴትዮ ዘነዘና ይዛለች።

«ማነው እብዱ?»

«እሱ!»

«እሳቸው!»

«ሁለቱንም እሰሩልኝ፤ ጤነኛ ከተገኘ እንፈታለን» አለች።

በገዛ በቅሎዬ መጫኛ ጀርባ ለጀርባ አድርገው ከባሕር ዛፉ ጋር ጠፈሩን። እኔ እንደ ጥጃ እጮኻለሁ፤ እሱ ደም ይተፋል።

«እብድ መሆንህን ወንድምህ ነግሮኛል» አልኩት፣ ከጀርባዬ የታሰረውን።

«ወላሂ ወንድም የለኝም። እብዱ እርስዎ ነዎት። የወንድምዎ ልጅ፣ ዋጋ ከተነሣ ይነሣበታል ብሎኛል።»

ሁለት ምስክር አንድ ቃል ሳያዛንፍ ከተናገረ አስጠኚው አንድ ሰው ነው፤ ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ደመወዝ በልቻለሁ። ያ ጨዋ ድምፅ የለጠፍኩትን የበቅሎዬን ፎቶ ወስዶ፣ በራሱ ቁጥር፣ በረከሰ ዋጋ ለዚህ ሰው ሸጦለታል። ሲፈቱን ደወልን። ስልኩ ተዘግቷል።

ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ጥርስ በጎደለው አፉ አለቀሰ። «ሁለት በሬዬን ሸጬ ነው። አሁን በምን ልብላ?»

ፖሊስ «ይጣራል» ብሎ ጻፈ። ይህን ቃል በእጄ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ትርጉሙን አልጠየቅሁም። በሕልሜ ያንን ድምፅ አንገቱን አንቄ በገደሉ ጫፍ አንጠልጥዬዋለሁ። ፊቱን ስለማላውቅ ግን በየሌሊቱ የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው፤ አንዳንዴ እኔ ራሴ።

ለሽምግልና የነፍስ አባቴና ከአሊዩ አምባ የወጡ አንድ ሼህ ተቀመጡ። በቅሎዋ የእኔ ናት፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ሰውየው ያለ በሬ፣ ያለ በቅሎ፣ ያለ ጥርስ ሊወርድ ነው።

«የጥርሱስ ካሣ?» አሉ ሼሁ።

«የእኔን ይውሰዳ፣ ሦስት ቀርተውኛል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። አፈርኩ።

የነፍስ አባቴ ጢማቸውን ዳበሱ። «በአንድ እጅ ድርቆሽ አጭደህ አታበላትም። እጅህን የሰበረ እጅህ ይሁን። እስክትድን እሱ ይዟት ይውረድ፤ ይቀልባት፣ ይጫናት። የዳንክ ቀን ይመልሳል።»

«የዳኑ ቀን» አሉ ሼሁም።

ወጌሻው በቀርከሃ ጠግኖኝ ሁለት ወር ሳይሞላ ፈታኝ። ዛሬ እንጨት እፈልጥበታለሁ። ሰውየው ግን እህል ጭኖ ሲወጣ እጄን ሊያይ ብቅ ይላል፤ እኔም ደወሏን ስሰማ ሮጬ ቀርከሃውን አስርና በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ግራዬን አሰርኩት። የሰበረው ቀኜን ነው።

ቆሞ ግራዬን አየ። ቀኜን አየ። መጥረቢያውንም አየ።

«ይሄኛውም አመመዎት?»

«ተዛመተበት» አልኩት።

«አላህ ያሽርዎት አባባ» አለ፣ ድዱን እያሳየኝ። «ግን አይቸኩሉ፤ የሽማግሌ አጥንት ችኮላ አይወድም።» ልጓሟን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።