ከደብዳቤው ያስቀረሁት ሰላምታ

ቀዩ መዝገበ ቃላት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ሽፋኑን ሳሸተው የፈረስ ላብ ይሸተኛል፤ ባለቤቴ ግን አቧራ ነው እንጂ ምንም የለውም ይላል። የፈለገውን ይበል፣ እሱ ያን ጊዜ አልነበረም።

ልጅ እያለሁ ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ወንጪ ሐይቅን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ፈረስ ያከራያሉ፤ በገበያ ቀን አምቦ ሲወርዱ እኛ ቤት ጎራ ሳይሉ አይመለሱም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ፒላር የምትባል ስፔናዊት ሁለት ቀን ሙሉ ዳማ ፈረሳቸውን ስትጋልብ ሰነበተች። የተግባቡት በእጅ ምልክት ነው። እናቷ ታማ መተኛቷን እንኳ የነገረቻቸው ፎቶዋን አሳይታ፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ነበር። ስትሄድ ይህን ከፊት ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ፣ ከኋላ ደግሞ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ መዝገበ ቃላት ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ለእኔ አመጡት።

ከወራት በኋላ ፒላር በአንድ የአስጎብኚ ሹፌር እጅ በትንሽ እንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ላከች፤ እኔ አነበብኩላቸው። በጥር ትመጣለች፣ ዳማንም ትፈልጋለች። ኦቦ ዱጋሳ በደስታ መቀመጥ አቃታቸው። ችግሩ፣ መግቢያው ላይ ፈረስ የሚሰጠው በተራ ነው፤ ዝም ብላ ከመጣች የሌላ ሰው ፈረስ ይደርሳታል። ስለዚህ በእግሯ ቁልቁል ወርዳ ከታች ወዳለው ምንጭ እንድትመጣ፣ እዚያ እንደሚጠብቋት ሊነግሯት ፈለጉ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዳ በገዛ ቋንቋው ነው የሚጠራው፤ በሷው ጻፊላት» አሉኝ። መልሱን የሚወስደው ሹፌር አሥር ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

እኔ መቼም ጉራዬ አይጣል ነበር። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩና ምንጭ ለማለት «ስፕሪንግ» የሚለው ላይ ደረስኩ፤ አጠገቡ አራት የስፓኒሽ ቃላት ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን ልጽፍ ስል ጎረቤታችን የነበሩት የእንግሊዝኛ ቲቸር በአጥር በኩል አዩኝ። «የመጀመሪያው ሁልጊዜ ልክ ነው ያለሽ ማነው? ከኋላ በኩል ገልብጠሽ እያንዳንዱን መርምሪው» አሉ። ገለበጥኩ። ፕሪማቬራ የአበባ ወቅት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው የፍራሽ ሽቦ፣ ሦስተኛው ዝላይ። አራተኛው፣ ማናንትያል፣ ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ ሆነ። በደስታ ጮህኩ። ጎበዝ መሆኔን እናቴም ጎረቤቱም እንዲሰሙልኝ ነበር።

ሰዓቱን ሳይ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ኦቦ ዱጋሳ ያስጻፉኝ ግን ገና ብዙ ነበር። «እናትሽ እንዴት ናት? ከአልጋ ተነሳች ወይ? ሌሊቱስ እንዴት ነው የሚነጋላት? እኔም ሚስቴም እንጸልይላታለን፣ ሰላም በይልኝ...» ግማሽ ገጽ ሰላምታ። አንዷን ቃል ለማግኘት አንድ ሰዓት የፈጀሁት ልጅ ይህን ሁሉ መቼ እጨርሰዋለሁ? ሰላምታ ሰላምታ ነው፣ ዋናው ጉዳይ ምንጩ ነው አልኩና ዘለልኩት። «ሁሉንም ጻፍሽው?» አሉኝ። «ኤዬ፣ አዎ» አልኩ።

ፒላር በጥር መጣች። እኔም ሽልማት ሆኖልኝ ኦቦ ዱጋሳ ወንጪ ይዘውኝ ሄደው ነበር። ቁልቁለቱን በቀጥታ ወደ ምንጩ ስትወርድ ሳያት ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ኦቦ ዱጋሳ ግን ገና እጇን እንደጨበጡ እናቷን እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ። ፒላር ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚያች በትንሿ እንግሊዝኛዋ ነገረችኝ፤ እናቷ ሞታለች፣ ደብዳቤው ሲደርስ ግን በሕይወት ነበረች፣ አልጋዋ ላይ አንብባላታለች። ይህንኑ ነገርኳቸው። ኦቦ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትንሽ ቆይተው ፊታቸው በራ። «እንኳን! ሰላምታዬን ሰምታ ነው የሄደችው ማለት ነው። ሰማች አይደል?» ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ከሁለቱም ጋር መነጋገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፒላርን ሳልጠይቅ «ኤዬ፣ ሰምታለች» አልኩ።

ዛሬ ስልኬ የትኛውንም ቃል በአፍታ ያቀርብልኛል፤ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ልጅም አላይም። ያንን ዘመን ብወደውም ይቺ ነገር ግን ዓመታት ሙሉ ስትቆጠቁጠኝ ኖራለች። ባለፈው የገበያ ቀን ኦቦ ዱጋሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲመጡ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ተናዘዝኩ። ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ልጅቷ፣ ፒላር፣ አለች አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

«አለች ኦቦ።»

«እንግዲያው አሁን ጻፊው። እናቷ መቃብር ላይ ታንብብላት።»

ስልኬን ላወጣ ስል እጄን ያዙኝና ወደ መደርደሪያው ጠቆሙ። ቀዩን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ ቃል በቃል ከኋላ እየገለበጥኩ ስፈትሽ መሸ፤ ሌሊቱስ እንዴት ነው የሚነጋላት የሚለውን እንኳ አላስቀረሁም።